ችግኙ ለምን ታመመ?
(ለማስተማር ልምምድ ቆቦ ቆይተው ከተመለሱ አራት እጩ መምህራን የቀረበ ትምህርታዊ ጽሑፍ)

ዛፍ ለሰው ልጅ የሚሰጠው ጥቅም ተዘርዝሮ እንደማያልቅ ሁላችንም ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ተምረነዋል። ጥላ ይሆናል፣ አፈር ይይዛል፣ ንፋስ ይመክታል፣ ግቢ ያሳምራል እያልን በደብተራችን ጽፈናል፤ ነገ ደግሞ በተራችን ሰሌዳ ላይ እንጽፋለን። ይህ ጽሑፍ ግን ስለ ዛፍ ጥቅም አይናገርም። የተተከለ ችግኝ ቅጠሉ ሲገረጣ፣ ሲጠወልግ ወይም ሲረግፍ ምን ማድረግ እንደሚገባ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ምን ማድረግ እንደማይገባ ለመግለጽ የቀረበ ነው። ይህንንም የምንጽፈው ባለሙያ ሆነን አይደለም። በሰው ግቢ ውስጥ ተሳስተን ስለተማርን ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ጀምበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ማስታወቁ ይታወሳል። ከዚያ ወዲህም በየክረምቱ ትከሉ ሲባል እንሰማለን፤ እኛም ዶማ ይዘን ወጥተናል። አማርኛችን ግን ሁለት ቃላት አሉት፤ አንዱ «ተተከለ» ሲሆን ሁለተኛው «ጸደቀ» ነው። መትከል የአንድ ቀን ሥራ ነው። መጽደቅ ግን ሁለት ሦስት በጋ ያልፍበታል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ጊዜ ነው።

ስለ ቦታው

ባለፈው ዓመት ከጥር እስከ ግንቦት አራት ሆነን ቆቦ ከተማ ተመድበን ነበር። ቆቦን ለማያውቁ ጓደኞቻችን ጥቂት እንበል። ከወልድያ ወደ ሰሜን በዋናው አስፋልት ሲጓዙ ጎብዬንና ሮቢትን አልፈው ያገኙታል። በምዕራብ የላስታ ደጋ፣ በምሥራቅ የዞብል ተራሮች ቆመዋል፤ መካከሉ የራያ ሜዳ ነው። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ስለሆነ ሙቀቱ ይበረታል። ዝናቡ ሁለት ወቅት አለው። በልጉ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ድረስ አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ ይቀራል። ዋናው ዝናብ ሐምሌና ነሐሴ ነው። በመካከል ያሉት ግንቦትና ሰኔ ለችግኝ የፈተና ወራት ናቸው።

አፈሩም በየቦታው ይለያያል። ጎርፍ ከደጋው እያመጣ ያነጠፈው ለስላሳ ደለል አለ። ጥቁሩ መሬት ደግሞ ሲርስ እግር ይይዛል፣ ሲደርቅ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። በአንድ ከተማ፣ እንዲያውም በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለቱም ሊገኙ ይችላሉ። ይህን ነገር አንባቢ ልብ ይበልልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

የተከራየንበት ግቢ

ቤት ያከራዩን አንዲት እናት ነበሩ። እኛ «እማማ» እንላቸዋለን፤ እሳቸውም «ልጆቼ» ይሉናል። ከእሳቸው ጋር የሚኖር አራተኛ ክፍል የሚማር የልጅ ልጅ አላቸው። በግቢው መሃል ድሮ አንድ ትልቅ ቁንዶ በርበሬ ነበር። ቡናው የሚፈላው፣ ጎረቤት የሚሰበሰበው፣ እህል የሚለቀመው በእሱ ጥላ ሥር ነበር። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በጦርነቱ ምክንያት መብራትም ማገዶም በጠፋ ጊዜ ተቆርጦ ነደደ። «ዛፉ አብስሎ አበላን፤ እኔ ግን ጥላዬን አጣሁ» ይላሉ እማማ።

እሱን ለመተካት ሰባት ችግኞች ተክለዋል። ሁለቱ የድሬዳዋ ዛፍ፣ ሁለቱ ግራቪሊያ፣ ሁለቱ ጃካራንዳ፣ አንዱ ኒም ናቸው። እኛ ስንደርስ ከተተከሉ ሁለተኛ በጋቸውን ይዘው ነበር። ከሰባቱ አንድም እንኳ ደህና የሚመስል አልነበረም። ኒሙ ብቻ ከወገቡ በታች አረንጓዴ ነበር። እማማም ለእኛ ትልቅ ግምት ስለነበራቸው «እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ እስቲ እዩልኝ» አሉን።

የመጀመሪያው ስህተታችን

እኛም አየን። በግቢው መጨረሻ ከቆሙት ሁለት የድሬዳዋ ዛፎች አንዱ አንድ ቅጠል እንኳ አልነበረውም። ጊዜው የካቲት መግቢያ ነው። «እማማ፣ ይህ ደርቋል፤ ቦታውን ለሌላ ቢለቅ ይሻላል» አልናቸው። እሳቸው ጥቂት ዝም አሉና «እንደምታውቁት አድርጉት» አሉ። ዶማ አምጥተን ነቀልነው።

ሥሩ ሲወጣ እርጥብ ነበር። ስንሰብረው ውስጡ ነጭ ሆኖ ውሃ ያዘለ ሆኖ አገኘነው። ከመካከላችን አንዱ የግንዱን ቅርፊት በጥፍሩ ቢፍቀው ከሥሩ አረንጓዴ ብቅ አለ። ዛፉ በሕይወት ነበር። የድሬዳዋ ዛፍ በደረቅ ወራት ቅጠሉን ጥሎ የሚያርፍ ዛፍ ነው። የተገኘባት ማዳጋስካር ደሴትም ብርቱ በጋ ያለባት ስለሆነች ይህን ጠባይ ይዞ መጥቷል። እኛ ያረፈውን ሞተ ብለን ቀበርነው።

በዚያው ዕለት መልሰን ብንተክለውም ዋናው ሥሩ ተበጥሶ ስለነበር አልዳነም። እማማ አልተቆጡንም። «ጉድጓዱን አትድፈኑት» ብቻ አሉን። ይህ ቃል ከቁጣ ይልቅ ከበደን። ከዚያ በኋላ ሳናጣራ አንድ ችግኝ አንነካም ብለን ተስማማን። የምርመራ ቅደም ተከተልም አወጣን፤ እሱም እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፡- በሕይወት መኖሩን ማረጋገጥ

ከቀጭን ቅርንጫፍ ጀምሮ ቅርፊቱን በጥፍር በትንሹ መፋቅ ነው። ከሥሩ አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ ያ ክፍል በሕይወት አለ። ቡናማና ደረቅ ከሆነ ወደ ታች ዝቅ ብሎ እንደገና መፋቅ ያስፈልጋል። ጫፉ ደርቆ ግንዱ አረንጓዴ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ጊዜ የደረቀውን ብቻ ቆርጦ መጠበቅ ነው። በደረቅ ወራት ቅጠል ያጣን ዛፍ ሁሉ ሞተ ማለት አይገባም። የድሬዳዋ ዛፍና ጃካራንዳ ቅጠል የሚያራግፉበት ወቅት አላቸው። ግራቪሊያ ግን በአንድ ጊዜ ዕርቃኑን የሚቀር ዛፍ አይደለም፤ እሱ ቅጠሉን ሁሉ ካራገፈ በእርግጥ ታሟል ማለት ነው። ስለዚህ የዛፉን ዓይነትና ጠባይ ማወቅ የምርመራው ግማሽ ነው።

ሁለተኛ፡- መጠየቅ

ሐኪም ቤት ስንሄድ ሐኪሙ መርፌ ከማንሳቱ በፊት «መቼ ጀመረህ? ምን በላህ?» ብሎ ይጠይቃል። ችግኝ አፍ የለውም፤ ያሳደገው ሰው ግን አለው። መጠየቅ ያለበት ይህ ነው፡- መቼ ተተከለ? ከየት መጣ? ሲተከል ላስቲኩ ወልቋል ወይ? ማን ያጠጣዋል? በምን? በየስንት ቀኑ? ስንት ሊትር? በአጠገቡ ምን ይደፋል?

እኛ ይህን ስንጠይቅ ያልጠበቅነው ነገር ወጣ። ውሃ የሚያጠጣው የእማማ የልጅ ልጅ ነው። ቧንቧው ውሃ የሚያመጣው በፈረቃ ስለሆነ ልጁ በየማለዳው ከቦኖ ወረፋ ይዞ ለዛፎቹ ብቻ ሁለት ጀሪካን ይሸከማል። ደክሞት ስለሚመጣ አብዛኛውን ውሃ በር ላይ ካለው ግራቪሊያ ሥር ይደፋዋል። ከግቢው መጨረሻ የሚደርስ ጠብታ የለም። በሩ ላይ ያለው ግራቪሊያ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ታሞ የነበረው ነው።

ሦስተኛ፡- አፈሩን መዳሰስ

አፈር ከላይ ደርቆ ከሥር ጭቃ ሊሆን ይችላል፤ እንዲሁም ከላይ ረጥቦ ከሥር አቧራ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዓይን ብቻውን አይበቃም። ከችግኙ አንድ ክንድ ያህል ርቆ ቀጭን እንጨት ወይም ጣትን እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ድረስ አስገብቶ ማየት ነው። ከዚያ ጥልቀት የወጣው አፈር ሲጨበጥ እንደ ሊጥ የሚያያዝ ከሆነ ውሃ አያስፈልገውም። ብትን ብሎ የሚፈስ ከሆነ ተጠምቷል።

በሩ ላይ ያለውን ግራቪሊያ በዚህ መንገድ ስንመረምረው አፈሩ ጥቁርና ድብልቅልቅ ያለ ጭቃ ሆኖ ተገኘ። ትንሽ ጠልቀን ስንቆፍር ክፉ ሽታ መጣ። ሥሩ ጠቁሯል፤ ቅርፊቱም ሲነካ ይላቀቃል። ይህ ሁሉ ሲሆን ቅጠሉ ጠውልጎ ነበር። እማማ ቅጠሉን እያዩ «ጠምቶታል» ይላሉ፤ ልጁም ይጨምርለታል። ውሃ በበዛ ቁጥር ይጠወልጋል፤ በጠወለገ ቁጥር ውሃ ይጨመራል።

ምክንያቱ ምንድን ነው ቢባል፣ ሥርም እንደ ሰው ይተነፍሳል። በአፈር ቅንጣቶች መካከል ባለው ባዶ ቦታ አየር አለ። ውሃ ያንን ቦታ ሁልጊዜ ከሞላው አየር ይወጣል፤ ሥሩ ታፍኖ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ውሃ መሳብ ስለማይችል ቅጠሉ በውሃ መሃል ቆሞ ይጠማል። እንግዲህ የጠማውም የሰመጠውም በአንድ ምልክት ይታያሉ፤ ይኸውም መጠውለግ ነው። የሚለያቸው አፈሩ ብቻ ነው። ግራቪሊያ አገሩ ምሥራቅ አውስትራሊያ ሲሆን ውሃ የሚያሳልፍ አፈር ይወዳል። በጥቁር ጭቃ መሬት ከመጠን በላይ ማጠጣት ለእሱ ከድርቅ ይብሳል።

የመሬቱን ውሃ የማሳለፍ ችሎታ ለማወቅ ቀላል ፈተና አለ። ጥልቀቱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ቆፍሮ በውሃ መሙላት፣ ሲሰርግ እንደገና መሙላት ነው። ሁለተኛው ውሃ በጥቂት ሰዓታት ከሰረገ ቦታው ደህና ነው። በማግሥቱም ቆሞ ከተገኘ እዚያ ቦታ ላይ በጉብታ ካልሆነ በቀር መትከል አይገባም። ይህ ፈተና ለአምስተኛና ለስድስተኛ ክፍል ሳይንስ ጥሩ የተግባር ትምህርት ይሆናል ብለን እናምናለን።

አራተኛ፡- የሥሩን አንገት ማየት

ግንዱ ከአፈር ጋር የሚገናኝበትን ቦታ «የሥር አንገት» እንለዋለን። ብዙ በሽታ ያለው እዚያ ነው። አፈሩን በእጅ ቀስ ብሎ ገለጥ ማድረግ ነው። አንገቱ በጥልቅ ተቀብሮ ከሆነ ቅርፊቱ ይበሰብሳል። ገመድ አንቆት ከሆነም ይታያል።

አንደኛውን ጃካራንዳ ስንገልጠው ጥቁር ላስቲክ ብቅ አለ። ከችግኝ ጣቢያ የመጣበት ላስቲክ ሳይወልቅ ነው የተተከለው። ሥሩ መውጫ አጥቶ እንደ ጥምጥም በላስቲኩ ውስጥ ተጠምጥሟል። ዛፉ በሁለት ዓመት አንድ ክንድ ያላደገበት ምክንያት ተገኘ። ጊዜው ሲቀዘቅዝ፣ ወደ ማታ ላይ፣ አፈሩን አርሰን ዙሪያውን ቆፈርን። ላስቲኩን በምላጭ ቀድደን አወጣን። የተጠመጠመውን ሥር ከላይ ወደ ታች በአራት ቦታ በትንሹ ሰነጠቅን። ይህም አዲሱ ሥር ወደ ውጭ እንዲሄድ ነው። ከዚያም ለሁለት ሳምንት ያህል በማሽላ አገዳ ጥላ ሠራንለት።

ኒሙ ደግሞ ከድጋፍ እንጨት ጋር በናይለን ገመድ ታስሮ ነበር። ገመዱ በግንዱ ውስጥ ሰምጦ ከላዩ ያለው ክፍል አብጧል፤ ጫፉም መድረቅ ጀምሯል። ቅጠል የሚያዘጋጀው ምግብ በቅርፊቱ በኩል ወደ ሥር ይወርዳል። ገመዱ መንገዱን ሲዘጋው ከላይ ያብጣል፣ ሥሩ ይራባል። ገመዱን በጥንቃቄ ቆርጠን አወጣን፤ በምትኩ የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ በስምንት ቁጥር ቅርጽ ልል አድርገን አሰርን። ድጋፍ ለአንድ ዓመት ቢበቃ ነው። ከዚያ በኋላ ግንዱ በንፋስ እየተወዛወዘ ካልጠነከረ ዕድሜ ልኩን ምርኩዝ ይፈልጋል።

አምስተኛ፡- ቅጠሉን ማንበብ

ብዙ ሰው ከቅጠል ይጀምራል። እኛ ግን መጨረሻ ላይ ያደረግነው ቅጠል የሌላውን ሁሉ ውጤት የሚያሳይ ስለሆነ ነው። በአጭሩ የሚከተሉትን ምልክቶች መያዝ ይጠቅማል።

ሀ) መጀመሪያ የታችኛው፣ አሮጌው ቅጠል ከገረጣ የናይትሮጅን እጥረት ሊሆን ይችላል። ናይትሮጅን ሲያንስ ዛፉ ከአሮጌው ቅጠል ወስዶ ለአዲሱ ይሰጣል። መድኃኒቱ በደንብ የበሰለ ብስባሽ ነው።

ለ) ለጋው፣ የላይኛው ቅጠል ገርጥቶ ደም ሥሩ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ከቀረ ብዙ ጊዜ የብረት እጥረት ነው። ብረት ከአሮጌ ቅጠል ወደ አዲስ አይዘዋወርም። ኖራ በበዛበት አፈር ውስጥ ብረቱ ቢኖርም ሥር ሊወስደው አይችልም። ሁለተኛው ግራቪሊያ ቤቱ ሲለሰን የተጣለ የሲሚንቶና የኖራ ፍርስራሽ ላይ ተተክሎ ይህን ምልክት አሳይቷል። ፍርስራሹን ለቅመን ብስባሽ አለበስነው። በእንዲህ ያለ ቦታ ላይ አመድ መጨመር ጉዳቱን ያብሰዋል።

ሐ) የቅጠሉ ጠርዝ ብቻ እንደተቃጠለ ቡናማ ከሆነ ጥማት፣ ጨው ወይም ማዳበሪያ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ጃካራንዳ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ነበርና የኦሞና የሣሙና እጣቢ ይደፋበታል። እጣቢውን ወደ ሌላ ቦታ አዙረን ጨውን ለማጠብ ንጹህ ውሃ ሁለት ጊዜ በብዛት አጠጣነው።

መ) በአንድ ወገን ብቻ ያለው ቅርንጫፍ ከደረቀ በዚያ ወገን ያለውን ሥርና ግንድ መመርመር ነው። ቁፋሮ ሥር ቆርጦ ይሆናል፤ ፍየል ቅርፊት ልጣ ይሆናል።

ሠ) ምስጥ ከታየ ወዲያው ጥፋተኛ ማድረግ አይገባም። በበሩ ግራቪሊያ ሥር ምስጥ ስናይ «ይኸው ገዳዩ!» ብለን ነበር። ኋላ እንዳስተዋልነው ምስጡ የመጣው ለሞተው ሥር ነው፤ ለቀስተኛ እንጂ ገዳይ አልነበረም። ይሁን እንጂ በድርቅ የደከመ ለጋ ችግኝ ላይ ምስጥ በሕይወቱም ሊነሳበት ስለሚችል ደረቅ ጭድና እንጨት ከግንዱ ማራቅ ተገቢ ነው።

ለታመመ ችግኝ ዩሪያ መስጠትን በተመለከተ አንድ ነገር እንበል። «ይጠናከር» ተብሎ ብዙ ሰው ያደርገዋል። ማዳበሪያ ግን እንደ ጨው ነው፤ በደረቅ አፈር ላይ ሲበዛ ከሥር ውሃ መልሶ ይስባል። ሥሩ የታመመ ዛፍ ማዳበሪያ የሚበላበት አፍ የለውም። መጀመሪያ ሥሩ ይዳን፣ ኋላ ይመገብ።

ውሃ አሰጣጥ፡- ከራያ ገበሬ የተማርነው

ውሃ በየስንት ቀኑ ይሰጥ ለሚለው ጥያቄ መልሱን ያገኘነው ከመጽሐፍ አይደለም። የራያ ገበሬ ከደጋው የሚወርደውን የሆርማትንና የጎሊናን ወንዝ ጎርፍ ጠልፎ ማሳው ውስጥ ያስገባል። ማሽላው በየቀኑ አይጠጣም። አፈሩ አንድ ጊዜ እስከ ታች ይጠግብና ሥሩ ያንን እርጥበት እየተከተለ ወደ ጥልቅ ይወርዳል። ችግኝም እንዲሁ ነው። በየቀኑ አንድ ጣሳ የሚጠጣ ችግኝ ሥሩ ከላይ ይቀራል፤ ግንቦት ሲመጣ የመጀመሪያው ፀሐይ ያገኘዋል። በሳምንት አንድ ጊዜ ጠጥቶ የሚጠግብ ግን ሥሩን ወደ ታች ይልካል።

ስለሆነም በግቢው ይህን ሠራን። ለእያንዳንዱ ችግኝ በሳምንት አንድ ጊዜ እስከ 20 ሊትር፣ በጥቁሩ መሬት ላሉት ደግሞ በእንጨት ከተፈተሸ በኋላ በአሥር ቀን አንድ ጊዜ እንዲሆን ወሰንን። ውሃው ከግንዱ ሥር አይደፋም፤ ከግንዱ ርቆ ዙሪያውን በተቆፈረ ቦይ ውስጥ ማታ ማታ ይፈሳል። ከግቢው መጨረሻ ላለው የድሬዳዋ ዛፍ ክዳኑ በመርፌ የተበሳ የሃይላንድ ጠርሙስ ዘቅዝቀን ቀበርንለት፤ ቀስ እያለ ያንጠባጥባል። በቆቦ-ጊራና ሸለቆ ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር የተስፋፋው የጠብታ መስኖም አሠራሩ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ የእኛ በአሮጌ ጠርሙስ መሆኑ ብቻ ነው።

ከዚያም ጉዝጓዝ አለበስን። የተከታተፈ የማሽላ አገዳና ሣር እስከ አንድ ሜትር ስፋት ዙሪያውን ይነጠፋል። ከግንዱ ግን አንድ ስንዝር ይርቃል፤ ከተጠጋ አንገቱን ያበሰብሳል፣ ምስጥም ይጠራል። ፍየል እንዳይደርስባቸው የእሾህ አጥር አደረግንላቸው።

በዚህ ዘዴ ልጁ በየቀኑ ይሸከም የነበረው ሁለት ጀሪካን ቀረ። በሳምንት የሚያስፈልገው ውሃ ከግማሽ በታች ሆነ፤ እኛም ተራ ገብተን አገዝነው።

ስለ ልጁ

ይህን ክፍል ለመጻፍ ጥቂት አፍረን ነበር። ከእኛ አንዱ በልምምድ የሚያስተምርበት አራተኛ ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ አርፍዶ የሚመጣ፣ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ የሚያንቀላፋ ልጅ ነበር። በመከታተያ ደብተራችን ላይ «ሰነፍ፤ ትኩረት የለውም» ብለን ጽፈንበታል። ያ ልጅ የእማማ የልጅ ልጅ ነው። በአንድ ግቢ እያደርን፣ ማለዳ እኛ ተኝተን እሱ ለወረፋ ሲወጣ፣ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅነውም። የጠየቅነው ስለ ዛፍ ስንመረምር ነው። ሸክሙ ከቀነሰ በኋላ በሰዓቱ መምጣት ጀመረ። ከተጻፈበት ቃል ላይ መስመር አሰመርንበት፤ ቃሉ ግን አሁንም ደብተሩ ላይ ይነበባል።

እኛ በልባችን ያኖርነው ይህ ነው። ቅጠል ያጣን ዛፍ ደረቀ፣ ያንቀላፋን ልጅ ሰነፈ ለማለት አንድ ደቂቃ ይበቃል። በጥፍር ለመፋቅ፣ አፈር ለመዳሰስ፣ «ማን ያጠጣል? ስንት ሰዓት ትነሳለህ?» ብሎ ለመጠየቅ ግን ትዕግሥት ያስፈልጋል። መምህርነት ከዚህ ይጀምራል ብለን እናምናለን።

ውጤቱ

የተቀረው የድሬዳዋ ዛፍ ሚያዝያ ላይ አቆጠቆጠ። ኒሙ ከገመዱ በታች ሁለት አዳዲስ ቅርንጫፍ አወጣ። ላስቲክ የወጣለት ጃካራንዳ መጀመሪያ ቢጠወልግም ክረምቱን አልፎ አድጓል። እጣቢ የቀረለት ጃካራንዳ አዲሱ ቅጠሉ ጠርዙ ንጹህ ነው። በፍርስራሹ ላይ ያለው ግራቪሊያ አሁንም ትንሽ ይገረጣል፤ ቀስ በቀስ እየተሻለው ነው። የበሩ ግራቪሊያ ግን ሥሩ አብዛኛው በስብሶ ስለነበር ሞተ። እንግዲህ ከሰባቱ አምስቱ ድነዋል፤ አንዱ በውሃ ብዛት፣ አንዱ በእኛ ችኮላ ጠፍተዋል።

ሐምሌ ላይ አራታችንም ገንዘብ አዋጥተን ሁለት ችግኝ ይዘን ቆቦ ሄድን። እማማ ጉድጓዱን እንዳሉት አልደፈኑትም፤ እንዲያውም ፍግ አልብሰው አቆይተውታል። «እንደምትመጡ አውቄ ነው» አሉን። የድሬዳዋ ዛፉን ላስቲኩን አውልቀን፣ አንገቱን ሳንቀብር፣ በዚያው ጉድጓድ ተከልነው። ለበሩ ደግሞ ከረግረጉ አራት እርምጃ ወደ ውስጥ ገብተን፣ አፈር ከፍ አድርገን ጉብታ ሠርተን ኒም ተከልን። ውሃውን ያጠጣው ልጁ ነው። ከማጠጣቱ በፊት እንጨቱን አፈር ውስጥ ሰክቶ አውጥቶ ሲያየው ማንም አላዘዘውም።

በዚህ ዓመት ለልምምድ የምትሄዱ ጓደኞቻችን በምትመደቡበት ትምህርት ቤት ግቢ የታመመ ችግኝ ማግኘታችሁ አይቀርም። ዶማ ከማንሳታችሁ በፊት ጥፍራችሁን፣ ጣታችሁንና ጥያቄያችሁን አስቀድሙ። የተከበራችሁ መምህራኖቻችንም በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተሳሳትነው ካለ በዚሁ ግድግዳ ላይ ብታርሙን ደስ ይለናል፤ ስህተት ሲታረም እንደሚጠቅም ከቆቦ ተምረን መጥተናልና።